በሊትር ስንት ትሄዳለች?

ጋራዣችን ከሃና ማርያም ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ ሁለት ክሪክ፣ አንድ ጉድጓድ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ። ሥራችን በአብዛኛው የቤተሰብ መኪና ነው፤ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ።

ሲስተር የመጣችው ጥቅምት ላይ ነው። ነርስ ናት። ሰፈሩ በሙሉ ሲስተር ነው የሚላት፤ እኛም እንደዚያው። መኪናዋ ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ ናት። ሦስት ሲሊንደር፣ አውቶማቲክ።

«ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ቤንዚን ትጠጣለች» አለችኝ።

ይህን ነገር ያላለኝ ደንበኛ የለም። «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ዘጠኝ ብትሄድ ነው። የባለቤቴ ወንድም አዳማ ነው ያለው፤ ቁርጥ እንደዚህች ዓይነት ቪትዝ አለው። የሱ አሥራ ስምንት ትሄዳለች። ደሞ እዚህም ተጽፏል፤ ሃያ ይላል።»

የኋላ መስታወቱ ላይ ያለውን ስቲከር አሳየችኝ። ከጃፓን ተለጥፎ የመጣ ነው፤ ብዙ ቪትዝ ላይ እስካሁን አልተነሳም። ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው። መሃሉ ላይ እውነትም 20 የሚል ቁጥር አለ። እኔም እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ።

ዘጠኝ የሚለውን ከየት እንዳመጣችው ግን አልጠየቅኩም። ኮፈኖ ከፈትኩ።

ሦስቱንም ካንዴላ ቀየርኩ። የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ። ኢንጀክተር አጠብኩ። እውነቱን ለመናገር አሮጌዎቹ ካንዴላዎች ያን ያህል የተበሉ አልነበሩም። አይቻቸዋለሁ። ግን አንዴ ከፈታህ በኋላ መልሰህ ማሰር ያሳፍራል።

በሁለት ሳምንቷ ተመለሰች። «ለውጥ የለም።»

«እንግዲያው ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው» አልኩ። የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር ምንም ስህተት አላሳየም ነበር። ሴንሰር ግን ጥሩ ሰበብ ነው፤ ደንበኛ አያየውም። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ አመጣሁና ገጠምኩ።

በሦስተኛው ስትመጣ «ነዳጁ ነው፤ ማደያ ቀይሪ» አልኳት። ያኔ ስልኳን አወጣች። የቴሌብር መልእክቶቿን ከላይ እስከ ታች አወረደችልኝ። አልጮኸችም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለቤንዚን የከፈልኩት ይኸው። ላንተ የከፈልኩት ይኸው። የትኛው ይበልጣል?»

አለቃችን ጥግ ላይ ሻይ እየጠጡ ነበር። በላዳና በዲኤክስ እጃቸውን ያፍታቱ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይህችን መኪና ስትሄድ አይተሃታል?»

«ነድቼ ሞክሬያታለሁ ጋሼ።»

«አንተ ስትነዳት አላልኩም። እሷ ስትነዳት።»

በማግስቱ ከጠዋቱ 12:30 ሲስተር በር ላይ ነበርኩ። ስካነሩን ሰክቼ፣ ደብተር ይዤ፣ ከጎን ተቀመጥኩ። እሷ መኪናውን አስነሳችና ወርዳ ወደ ቤት ገባች። ጠበቅኩ። ሞተሩ በሚኒሞ ይንጫጫል። ትንሽ ቆይቶ ልጆቹን ቁርስ ስታበላ በመስኮት ታየችኝ።

ስትመለስ «ለምን ቀድመሽ አስነሳሻት?» አልኳት።

«አንተ አይደለህ እንዴ ያልከኝ! መጀመሪያ የመጣሁ ቀን፤ ‘ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ አሙቂያት’ አላልከኝም?»

ብያለሁ። ለሁሉም ነው የምለው። ከአለቃዬ የተማርኩት ነው፤ እሳቸውም ከላዳ ዘመን ያመጡት። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚኑ ከአየር ጋር በደንብ አይደባለቅለትም። ቾክ ይሳባል፤ ካልሞቀ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግን የሙቀቱን መጠን በሴንሰር ያውቃል፣ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል። ግማሽ ደቂቃ ካገኘ መንቀሳቀስ ይችላል። እንዲያውም ቀስ ብሎ እየሄደ ነው ቶሎ የሚሞቀው፤ ቆሞ አይደለም።

ስካነሩ ላይ ያየሁት ቁጥር እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ቆማ፣ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ስትወስድ ነበር። ሲሞቅ ወደ 0.6 ወረደ። በአሥር ደቂቃ ሲሰላ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከሁለት ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። ግን ሲስተር ጠዋት ከቤት ስትወጣ ታሞቃለች፤ ማታ ከክሊኒክ ስትወጣም ታሞቃለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተኬደው ኪሎ ሜትር ዜሮ ነው።

ከዚያ ወጣን። መጀመሪያ ኮብልስቶን፣ ቀጥሎ ቦይ የተቆፈረበት ኮረኮንች፣ ቀጥሎ አስፋልት። አስፋልቱ ላይ ሚኒባሶቹ። ሚኒባስ ሲቆም እንቆማለን፣ ሲነሳ እንነሳለን። ረዳቱ ደግሞ አንድ ሰው ከሩቅ ካየ «ጀሞ፣ ጀሞ!» እያለ ይጠብቃል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሌላ ሰልፍ። ትንሹ ልጅ ምሳ ዕቃውን ረስቶ ነበርና ሲስተር ከሌላ እናት ጋር በስልክ መላ እስክትፈጥር አሁንም ቆምን። ክሊኒኩ ስንደርስ 8 ኪሎ ሜትር ሄደናል። ጊዜው 45 ደቂቃ። ሒሳቡን ስሠራው በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ብስክሌት ይቀድመናል።

እቃ መጫኛውን ስትከፍተው አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አየሁ። እሷ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ከክሊኒኩ ትቀዳለች። 80 ኪሎ ማለት ነው። ሁልጊዜ ሙሉ ናቸው ወይ ብላት «ሁለቱ ምናልባት ቢጠፋ ብዬ እንደተሞሉ ይቆያሉ» አለችኝ። የጎማዋን አየር ለካሁ፤ 22። በሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈው 33 ይላል። ጎማና ጭነት እያንዳንዳቸው ብዙ አይደሉም፤ መቶ ሊትር ላይ ሁለት ሦስት ሊትር ናቸው። ግን ለነዚህ ካንዴላ አይቀየርም፤ ጎሚስታ ጋ አንዴ ጎራ ማለት በቂ ነው።

ወደ ልኬቱ ልመለስ። ሲስተር ዘጠኝ ያለችው በብር ነው። በወር ለቤንዚን የከፈለችውን ደምራ፣ የሄደችውን በግምት አካፍላ። በመሃል የነዳጅ ዋጋ ተጨምሯል። ሊትሩ ሳይበዛ ብሩ በዝቶባታል፤ ግማሹ ንዴቷ ከዚያ ነው። እኔ ደግሞ ያለ ምንም ልኬት ሦስት ጊዜ ከፈትኳት። ከሁለታችን የባሰው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ስለዚህ በደንቡ ለካን። ታንኩን ማሽኑ ራሱ ጠቅ ብሎ እስኪያቆም መሙላት። የትሪፕ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዜሮ ማድረግ። እንደ ልማዷ መንዳት። በሳምንቱ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ መልሶ መሙላት። የገባው ሊትር የተቃጠለው ሊትር ነው። በስድስት ቀን 104 ኪሎ ሜትር ሄደች፤ 10.6 ሊትር ገባ። በሊትር 9.8።

እሁድ ወደ ቢሾፍቱ ላክኋት። ያለ ጀሪካን፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል በፈጣን መንገዱ፣ ከ80 እስከ 90 እየነዳች። ደርሶ መልስ እንዲሆን አጥብቄ ነገርኳት። ቢሾፍቱ ከኛ ሰፈር ወደ 300 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። አንድ ቪትዝ ከነቤተሰቡ ያን ያህል ከፍታ ለመውጣት ብቻ ግማሽ ሊትር ገደማ ያቃጥላል። መሄጃውን ብቻ የለካ ሰው ማታ ቡና ላይ ጉራውን ይነዛል፤ ስለ መመለሻው ግን አያወራም። ሲስተር 96 ኪሎ ሜትር ሄዳ ተመለሰች፤ 5.6 ሊትር ገባ። በሊትር 17።

ያችው መኪና ናት። ያው ካንዴላ፣ ያው ሴንሰር።

«ከፍታው ነው፤ አዲስ አበባ መኪና ነዳጅ ታበላለች» የሚሉም አሉ። እኔም እል ነበር። ከፍታው የሚወስደው ጉልበት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ሰውም ነዳጅ መስጫውን ይረግጣል። ቤንዚኑን ግን ኮምፒውተሩ በአየሩ ልክ ይቀንሰዋል። ስስ አየር መኪናዋን ፊት ለፊት የሚገፋትም ያነሰ ነው። የሲስተርን ቤንዚን የበላው መቆሙ ነው እንጂ ከፍታው አይደለም።

ስቲከሩን በስልኬ ካሜራ አስተረጎምኩት። ያ 20 ኪሎ ሜትር አልነበረም። መኪናዋ የጃፓንን የነዳጅ ቁጠባ ደረጃ በ20 በመቶ ትበልጣለች ነው የሚለው። የቁጠባው ልኬት ራሱ በዚያ ዘመን «አሥር-አሥራ አምስት» በሚሉት ዘዴ ነበር የሚሠራው። መኪናዋ ሮለር ላይ ትወጣለች፣ ሞተሩ አስቀድሞ ይሞቃል፣ ከዚያ 4.16 ኪሎ ሜትር በ11 ደቂቃ ትነዳለች። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 22.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሲስተር ጠዋት በእጥፍ ይበልጣል። ሮለሩ ላይ ሚኒባስ የለም። ምሳ ዕቃ የረሳ ልጅም የለም።

አለቃዬ የእጅ ዋጋውን እንድመልስላት አደረጉኝ። ከደመወዜ። ያገለገለውን ሴንሰር ፈትቼ የራሷን መለስኩላት። ምንም ልዩነት አላመጣም፤ እንደማያመጣ ያኔም አውቅ ነበር። «አሥር ደቂቃ አሙቂ ያልኳት እርስዎ ያስተማሩኝን ነው ጋሼ» ብላቸው ሳቁ።

«ላዳ አምጥተህልኝ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበርክ» አሉ።

አሁን ሲስተር ልጆቹ ጫማቸውን አስረው መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው የምታስነሳው። 12:20 ላይ ትወጣለች፤ ሰልፉ ሳይረዝም። ጀሪካኖቹ ባዶ ሄደው ሞልተው ይመለሳሉ፣ ማታ ይወርዳሉ። ጎማዋ 33 ነው። በቀጣዩ ልኬት ለዚያው 104 ኪሎ ሜትር 8.9 ሊትር ገባ። በሊትር 11.7። አሥራ ሁለት ባለመሙላቷ ትንሽ ቅር ብሏታል።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ሰው ነጭ ቪትዝ ይዞ ገባ። የአዳማው፣ የባለቤቷ ወንድም። ለሥራ መጥቶ እነሲስተር ቤት ካረፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

«ወንድሜ፣ ይቺ መኪና በድንገት ነዳጅ መጠጣት ጀመረች። ካንዴላ ቀይርልኝ» አለኝ።

እጄን ጠርጌ ደብተሩን አመጣሁለት።