የቆመችውን ያማሃ ልግዛት ወይስ ልተዋት?

አማኑኤል ከተማ ዳር፣ የአንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ፣ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ቆማለች። አትነሳም። ከቆመች ዓመታት አልፈዋል። ሽማግሌው የጠየቁኝ ገንዘብ ደህና የምትሄድ ተመሳሳይ ሞተር ከምታወጣው ሲሶው ቢሆን ነው። ገንዘቡ አለኝ። ፍላጎቱማ ከገንዘቡም በላይ አለኝ። ቃል ግን አልሰጠሁም። ካልጻፍኩት አይጠራልኝም ብዬ ነው ማስታወሻዬን የከፈትኩት።

ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ስሟን ባያውቅ እንኳ ድምጿን ያውቀዋል። የግብርና ባለሙያው፣ የክትባት ሠራተኛው፣ የፕሮጀክት ሰው ሁሉ ወደ ቀበሌ ይወጣባት ነበር። ያማሃም ሲሠራት ለእርሻ ሥራ ብሎ ነው። ፊትና ኋላዋ ላይ የዕቃ መጫኛ ብረት አላት። ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ስለሚዞር ጭቃ አይደርስበትም። ማቆሚያዋ በግራም በቀኝም ነው፤ ተዳፋት ላይ በሚመቸው በኩል ታቆማታለህ። አባቴ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። በሮብ ገበያ በኩል ካሉት ደጋ ቀበሌዎች ሲመለስ ገና ከሩቅ በድምጿ እንለየው ነበር። ልቤ ወደዚች ሞተር ለምን እንደሳሳ የሚያስረዳው ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ የለውም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጋዝ ሲታመቅ፣ ሲቃጠል፣ ፒስተን ሲገፋ በጠመኔ ስስል ኖሬያለሁ። ሞተር ግን በእጄ ፈትቼ አላውቅም። ልጄ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል፤ ካቻቢቴ ካገኘ ሬዲዮ አይተርፍም። ከእሱ ጋር አንድ ሞተር ከብሎን እስከ ብሎን ፈትተን ብንገጥም ደስ ይለኛል። ሠርቼ ለመሸጥ አላሰብኩም። ለትርፍ የሚገዛ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ለእሱ አይሆንም።

መካኒክ ጓደኛዬን አማከርኩት። መልሱ አጭር ነበር። «ርካሽ ናት ብለህ እንዳትገዛ። ለምን እንደቆመች ካወቅህ ግዛ።»

እውነቱን ነው። «አትነሳም» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ቤንዚኑ ከአየር ጋር በሚቀላቀልበት ካርቡሬተር ውስጥ ደርቆ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይሄ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አይጥ ሽቦ በልቶ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ እሳት አጥቶ ሊሆን ይችላል። ይሄም ትዕግሥት ላለው ሰው ቀላል ነው። ወይ ደግሞ ውስጡ ተጎድቷል። እዚያ ጋ ነው ገንዘቡ የሚሄደው። ሻጭ ሁሉ «ካርቡሬተር ብቻ ነው» ይላል። ካርቡሬተር ብቻ ቢሆን ኖሮ አስጠርጎ በደህና ዋጋ ይሸጣት ነበር።

ሽማግሌውን አግኝቼ ስለ ዋጋው ሳላነሳ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ይህንኑ ነው።

«አያ፣ ስትቆም እንዴት አድርጋ ነበር የቆመችው? ቀስ በቀስ ነው ወይስ ድንገት?»

«ድንገት ነው ልጄ። የወንድሜ ልጅ ይዟት ነበር። አቀበት ላይ ጮኸችበትና ቀጥ አለች። የኋላ ጎማዋ ሳይቀር ነከሰ አለኝ። ከቀዘቀዘች በኋላ ሲረግጣት ትዞራለች፣ ግን እምቢ አለች።»

እኚህን ሰው አመሰገንኳቸው። ሊደብቁኝ ይችሉ ነበር። የነገሩኝ ነገር በሽታውን ግማሽ መንገድ አሳየኝ። ኤጂ 100 ቱ ስትሮክ ናት፤ ሞተሯን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ ይቃጠላል። ዘይቱ የራሱ ትንሽ ጋን አለው፤ ፓምፕ እየለካ ይሰጣል። ጋኑ ባዶ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው አይቆምም። ይሄዳል። ፒስተኑ እየጋለ፣ እየሰፋ ሄዶ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። መካኒኮቹ ግሪፓ አደረገ የሚሉት ነው። ሲቀዘቅዝ ይላቀቃል፤ ነገር ግን የሲሊንደሩ ግድግዳ ተጭሯል፣ የፒስተኑ ቀለበቶች፣ ሪንጎቹ፣ ከጎድጓዳቸው ተጣብቀዋል። የዘይቱን ጋን ከፍቼ አየሁት። ደረቅ ነው። ካንዴላውን ፈታሁና ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ይዤ ልጄን ርገጥ አልኩት። አየሩ ጣቴን በደንብ ሊገፋው ይገባ ነበር። ደካማ ነው። ካንዴላውን መልሼ ከገመዱ ጋር አገናኝቼ ብረት ላይ አስነክቼ ሲረግጥ ግን ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። ልጄ ጮኸ። እኔም ደስ አለኝ።

እንግዲህ ሥራው ይታወቃል ማለት ነው። ሲሊንደሩ ብረት በማሽን የሚስተካከልበት ሬቲፊካ ቤት ገብቶ ይፋቃል፣ በልኩ ተለቅ ያለ ፒስተን ይገባበታል። ፒስተኑ በ0.25፣ በ0.50 ሚሊ ሜትር እያደገ የሚሄድ ልክ አለው። ከዚህ በፊት ተፍቃ ከሆነ ልኩ የፒስተኑ አናት ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የመጨረሻው ልክ ላይ ከደረሰች ሌላ መፋቅ የለም። ይህን ደግሞ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታዋ፣ ሳይፈታ ማንም አያውቅም።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን የፒስተኑን ግፊት ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቷ ነው። ፎር ስትሮክ ሞተር ብትሆን ከሥሯ ዘይት ተኝቶ ስለሚቆይ ውስጧ ይጠበቅ ነበር። የቱ ስትሮክ ክራንክ ዘይት የሚያገኘው ስትሄድ ብቻ ነው። የጎጃምን ክረምት ደግሞ እናውቀዋለን። ከሰኔ እስከ መስከረም ርጥበቱ ግድግዳ ያሻግታል። ለዓመታት በክፍት ዳስ ሥር የቆመች ሞተር ዘንጉ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎቿ ዝገት ቢነካቸው አይገርምም። የክራንኩ ዳርና ዳር ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች፣ ሲሎቹም፣ ሲደርቁ አየር ያስገባሉ። አየር ገባ ማለት ቅልቅሉ ቤንዚን አነሰው ማለት ነው፤ ሞተሩ ይግላል፣ አዲሱም ፒስተን ይጣበቃል። ስለዚህ እነዚያን ሲሎች ሳይቀይሩ ፒስተን ብቻ ማስገባት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆጥባል። እኔ አልቆጥብም።

ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመድ፣ ባትሪ፣ በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገባው ጓርኒሲዮን፣ የዛገውን የቤንዚን ጋን (ሰርባቶዮ) ማጠብ፤ ይህ ሁሉ ሲደመር ከፒስተኑ ይበልጣል። እዚህ ማርቆስ ሱቆች ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው የባጃጅና የቲቪኤስ ዕቃ ነው። የያማሃው አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ካልተፈለገ አይገኝም። ደምሬ ሳየው፣ ተሠርታ ስታልቅ የምትፈጀው ደህና የምትሄድ ሞተር ከሚገዛው ብዙም አያንስም። ይህን እያወቅኩ ነው የምፈልጋት።

ጉልበቷንም አስቤያለሁ። 97 ሲሲ ብቻ ናት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እዚሁ ከተማ ላይ ሩቡን ያህል አጥታለች ማለት ነው። ወደ ቾቄ ተራራ ሲወጣማ ይብስባታል። ሰው አፈናጥጬ አልወጣባትም። ብቻዬን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳልቸኩል ግን ትወስደኛለች። አባቴንም የወሰደችው እንደዚያው ነው።

ባለቤቴ ሁሉንም ሰማችኝና «ብሩ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ ቅዳሜህ ነው» አለችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቅዳሜ የቤት ቀን ነው። ከልጁ ጋር እንደምሠራ፣ ከምሳ በኋላ ዕቃ እንደማልነካ ተስማማን። ዘይትና ላምባ የነካው ልብስ ቤት አይገባም። ይህ ተፈርሟል።

የቀረው ወረቀቱ ነው። እስካሁን ቃል ያልሰጠሁትም በዚህ የተነሳ ነው። ሞተሯ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበረች። በጨረታ ተሸጠች። ያሸነፈው ሰው ስሙን ሳያዞር ለሽማግሌው ሸጣላቸው። በመካከላቸው ያለው ምስክሮች የፈረሙበት አንድ ወረቀት ነው። ታርጋዋ ዛሬም የመንግሥት፣ ኮድ 4 ነው። የባለቤትነት ደብተሯ፣ ሊብሬ፣ የለም። ብረትን ተቀምጬ ልሠራው እችላለሁ። ወረቀቱን ግን ቁጭ ብዬ አልሠራውም፤ የሌላ ሰው ፊርማና የሌላ ቢሮ ማህተም ይፈልጋል። የጨረታው አሸናፊ ደብዳቤና የከፈለበት ደረሰኝ ከተገኘ መንገድ አለው። ካልተገኘ ግን አሳምሬ የሠራኋት ሞተር ከግቢዬ በር አትወጣም፤ ብትወጣም መጀመሪያ ያገኘኝ ትራፊክ ያቆመኛል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ዝገቱን ጠርጌ ጽፌ ይዣለሁ። ደብዳቤው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

«ወረቀት ለምን አስጨነቀህ፣ ገጠር ማን ይጠይቅሃል?» ያለኝ ሰው አለ። አልተስማማሁም። ልጄን ይዤ የምጀምረው ሥራ ነው። መንገድ ላይ ፖሊስ ባየን ቁጥር ዞረን የምንሄድበት ነገር እንዲማር አልፈልግም።

ስለዚህ ወስኛለሁ። በዋጋው አልከራከርም፤ ሽማግሌው እውነቱን ነግረውኛል፣ የጠየቁትም ተገቢ ነው። ደብዳቤውና ደረሰኙ ከመጡ፣ ቁጥሩ ከገጠመ፣ ስሙ ወደ እኔ እንዲዞር ያ የመጀመሪያው ገዢ ከቀረበ እገዛታለሁ። አንዱ ከጎደለ ለመለዋወጫ እንኳ አልወስዳትም። ክራንኳ ተበላሽቶ ቢገኝ ግን አልጸጸትም፤ ያን አምኜበት ነው የምገባው።

ሰውየው ፍኖተ ሰላም ነው ያለው ተብሏል። ሽማግሌው ለገበያ ሲወርዱ ሊያናግሩት ቃል ገብተውልኛል። እኔ ደግሞ እስከዚያ አንድ ነገር ለምኛቸዋለሁ፤ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት እንዲያስጨምሩባትና ዝናብ ወደማይነካት ጎተራ እንዲያስገቧት። እኔ ባልገዛትም ለሚገዛት ሰው ይጠቅመዋል። እሺ ብለዋል።