የመንጋጋ ሲቲ ስካን ስትነሡ ፊልሙን ሳይሆን ፋይሉን ተቀበሉ

ኮዬ ፈጬ የሚያክመኝ የጥርስ ሐኪም የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሴን ዝም ብሎ ለመንቀል እምቢ ያለው በበቂ ምክንያት ነው። በተለመደው ራጅ ላይ የጥርሱ ሥር በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ከሚያልፈው ነርቭ ጋር ተደራርቦ ይታያል፤ ጠፍጣፋ ምስል ግን ሥሩ ነርቩን ይንካው ወይስ በጉንጭ ወይም በምላስ በኩል ይለፈው ለይቶ አያሳይም። ያ ነርቭ ከተጎዳ የታችኛው ከንፈርና አገጭ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ይደነዝዛል። ስለዚህ ኮን ቢም ሲቲ የሚባለውን ባለ ሦስት አውታር ምስል አዘዘልኝ፤ እኛ ሰፈር ስላላገኘሁ ታክሲ እየቀያየርኩ መሀል ከተማ ሄድኩ።

መነሣቱ ቀላል ነው። መነጽርና የአንገት ሐብል አውልቆ፣ አገጭን ማሳረፊያው ላይ አድርጎ፣ መሣሪያው ራስን እስኪዞር ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ነው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ችግሩ የጀመረው ውጤት መቀበያው መስኮት ላይ ነው። የተሰጠኝ በትልቅ ፖስታ የገባ ፊልም ሲሆን፣ በላዩ ባለሙያው የመረጣቸው ጥቂት ምስሎች ታትመውበታል። ሐኪሜ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየውና መለሰልኝ። እርሱ የሚፈልገው ዳይኮም የሚባለውን ፋይል ነው፤ መንጋጋውን በኮምፒውተር በፈለገው አቅጣጫ እየቆራረጠ ሊያይና በሥሩና በነርቩ መካከል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ሊለካ የሚችለው በዚያ ብቻ ነው። ፊልሙ መጽሐፍ ለጠየቀ ሰው ጥቂት ገጾች ቀዶ እንደ መስጠት ነው።

ተመልሼ ስጠይቅ በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ «ወንድሜ፣ ፍላሽ አንሰካም፣ ቫይረስ ያመጣል» አለችኝ። ከነማሸጊያው ያለ አዲስ ፍላሽ ባሳያትም «መመሪያ ነው» አለች፤ መመሪያውን አሳዪኝ ስላት ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። በቴሌግራም እንልክልሃለን ብለው የላኩልኝ ደግሞ የኮምፒውተራቸውን ስክሪን በስልክ ያነሡትን ፎቶ ነው፤ የመብራቱ ነጸብራቅ ልክ ነርቩ ላይ አርፏል። ሐኪሜ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ቀጥሎ ሲዲ ሰጡኝ። ኮዬ ውስጥ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ተገኝቶ ሲከፈትም ውስጡ ያው ፊልሙ ላይ የታተመው ምስል ነበር። ጨረሩን የተቀበልኩት እኔ፣ የከፈልኩት እኔ ሆኜ ሳለ ፋይሉ የእነርሱ ንብረት የሚሆንበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም። በመጨረሻ ሐኪሜ ራሱ ደውሎ ባለሙያውን ሲያነጋግረው ያ ሁሉ መመሪያ ተነነ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ያሉበት ፎልደር ቫይረስ ያመጣል በተባለው በዚያው ፍላሽ ተገለበጠልኝ።

ፋይሉ ሲከፈት፣ ፊልሙ ላይ ክፍተት ያለ በሚመስልበት ቦታ ሥሩ ነርቩን ታክኮ ተገኘ። ሐኪሙም የጥርሱን አናት ብቻ ቆርጦ አወጣና ሥሩን ባለበት ተወው፤ ከንፈሬ አልደነዘዘም።

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «ዳይኮሙን በፍላሽ ትሰጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ፊልሙ ይበቃል ካሏችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። ዋጋው ያው ስለሆነ ሙሉ ፊትህን እናንሣልህ ቢሏችሁም እሺ አትበሉ። ለአንድ ጥርስ አካባቢ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይበቃል፤ ጨረሩ ያንሳል፣ ምስሉም ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይጠራል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ስፋቱን ማዘዣው ላይ ይጻፈው። ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ (የሊድ ብረት) ሽርጥ አላለበሱኝም ብላችሁ ግን አትጨቃጨቁ፤ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆች 2024 ሽርጡም የአንገት መከላከያውም ይቅር ብሏል፤ የአንገቱ እንዲያውም ምስሉን ሊጋርድ ይችላል። ፋይሉን ለሌላ ሐኪም በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ ፎልደሩን በዚፕ ጠቅልላችሁ እንደ ፋይል እንጂ እንደ ፎቶ አትላኩት።