«ለእናትህ ቢሆንስ?»

በሥራዬ አንድ ደንብ አለኝ። ለገዢዎች ቤት ስፈትሽ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ «ግዙ» ወይም «አትግዙ» አልልም። ገንዘቡም ዕዳውም የገዢው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያየሁት አንድ ቤት ግን እስካሁን ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት ነው፤ ከመሬት በታች ያለው የቤዝመንቱ ክፍል ግድግዳ ብሎኬት። ገዢዎቹ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ሚስትየው ነፍሰ ጡር ነበረች። «ቤዝመንቱን ለእናቴ ነው ያሰብነው፤ ልታርሰኝ ትመጣለች» አለችኝ። እናትየው አስም አለባቸው።

ቤዝመንት ስገባ መጀመሪያ የማምነው አፍንጫዬን ነው። እዚያ ግን ትልቅ ባለሽቶ ሻማ እየነደደ ጠበቀኝ። ከአየር እርጥበት የሚመጠው ማሽን፣ ዲሁሚዲፋየሩ፣ ተነቅሎ ጥግ ተገፍቷል። ግድግዳው ገና አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። የሻጩ ካርቶኖች በሙሉ ጡብ ላይ ተደርድረዋል። ወለሉ ደረቅ ከሆነ ካርቶን ጡብ ላይ ምን ያስቀምጠዋል? የውሃ ማሞቂያው ሥሩ ዝጓል፤ የደረጃው እንጨት ወለሉን የሚነካበት ቦታ ጠቁሯል።

ከደረጃው ሥር ያለችውን ትንሽ ዕቃ ቤት ከፈትኩ። ቀለም ቀቢው እዚያ አልደረሰም። ብሎኬቱ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። ጨው ነው። በጣቴ ጠርጌ አሳየኋቸው።

ቤቱን የሚያሻሽጠው ኤጀንት ቀደመኝ። «ላብ ነው ወንድሜ። በሰመር ያረጀ ቤት ሁሉ ያልበዋል።»

ይህን አባባል የምጠላው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። በሰመር ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ያቋጥራል። እሱ በዲሁሚዲፋየር ይቀንሳል። ጨው ግን ከአየር አይመጣም። የውጭው ውሃ በብሎኬቱ ውስጥ ሲሰርግ ጨው አሟሙቶ ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። የሚጠራጠር ካለ ግድግዳው ላይ ፕላስቲክ ዙሪያውን በቴፕ አሽጎ አንድ ሁለት ቀን ይተወው። ፕላስቲኩ በክፍሉ በኩል ካላበው ከአየሩ ነው። ከጀርባው ከረጠበ ከግድግዳው ነው። ይህን ሁሉ እዚያው ፊት ለፊት ነገርኩት። ሻማውንም አጠፋሁት።

«ኢንሹራንስ አይሸፍነውም?» አለ ባልየው። ከመሬት የሚሰርግ ውሃን ተራ የቤት ኢንሹራንስ በአብዛኛው እንደማይሸፍን ነገርኩት።

ሚስትየው ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና ዞር አለችብኝ።

«ወንድሜ፣ ለእናትህ ቢሆንስ?»

ኤጀንቱ አፈጠጠብኝ። ደንቤን አልረሳሁትም። ግን ያቺ ልጅ የጠየቀችኝ ስለ ወረቀት አልነበረም።

«አሁን ባለበት ሁኔታ እናቴን እዚህ አላስተኛትም» አልኳት።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጣን። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል። መውረጃ ቱቦው የጣሪያውን ውሃ እዚያው ግድግዳው ሥር ይዘረግፋል። አፈሩ ደግሞ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነው። መሬቱ ከግድግዳው በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ዝቅ ማለት ነበረበት። ይህን ማስተካከል ቤዝመንቱን ቆፍሮ ፓምፕ ከማስገባት በብዙ ይረክሳል። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ቤቱ መጥፎ ቤት አልነበረም። ለቀለምና ለሻማ የወጣው ድካም አሸንዳው ላይ ቢውል ኖሮ ማንም አይደነግጥም ነበር።

ሻጩ አሸንዳውን አስጠረገ፣ ቱቦውን አስረዘመ፣ አፈር አስሞላ። ከዋጋውም ትንሽ ቀነሰ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ከገዢዎቹ ጋር ተመልሰን አየነው፤ ወለሉ ደረቅ ነበር። ገዙት። እናትየው መጥተው ልጃቸውን አረሱ፤ የተኙት ግን ላይ ቤት ነው። ቤዝመንቱ ሙሉ ዓመት ዝናብና በረዶ ሳያይ ሰው አይተኛበትም ብለው ወስነዋል። እኔም ደግፌያቸዋለሁ።

ኤጀንቱ «ሽያጭ ልታበላሽብኝ ነበር» ብሎ ከዚያ በኋላ ደንበኛ ልኮልኝ አያውቅም።