ከባርኮዱ ሥር ያሉት 13 ቁጥሮች

የሚኒ ማርኬታችንን ዕቃ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስካነር ስላልነበረን የባርኮዱን ቁጥር እያየሁ በእጄ ነበር የምጽፈው። ቁጥሩ እንዴት እንደተዋቀረ ሲገባኝ ሥራው በጣም ቀለለኝ።

መጀመሪያ አንድ የስታቢሎ እስክሪብቶ አነሳሁ። ቁጥሩ 4006381333931 ነው። 400 የጀርመን መነሻ ነው። ከመጀመሪያው እስከ 4006381 ያለው ኩባንያውን ይለያል። 33393 የዚያ እስክሪብቶ የራሱ ቁጥር ነው። የመጨረሻዋ 1 ማረጋገጫ ናት።

ብዙ ደንበኛ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች አይቶ «ይሄማ የቻይና ነው» ብሎ ዕቃውን መልሶ ያስቀምጣል። ከ690 እስከ 699 ያለው የቻይና መሆኑ እውነት ነው። ግን የሚነግረን ኩባንያው ቁጥሩን ያወጣው በየትኛው አገር የጂኤስዋን (የባርኮድ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ድርጅት) ቅርንጫፍ በኩል እንደሆነ ብቻ ነው። በጀርመን ቁጥር የሚሸጥ ዕቃ ሌላ አገር ሊመረት ይችላል። መጽሐፍ ደግሞ የትም ይታተም የት በ978 ወይም በ979 ይጀምራል። የተመረተበትን አገር የፈለገ ሰው ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብብ።

እኔን በጣም የማረከችኝ የመጨረሻዋ ቁጥር ናት። እስክሪብቶውን እንውሰድ። የመጨረሻዋን ትተን፣ ከግራ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያልን የምናገኛቸው ሲደመሩ 20 ናቸው። 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያልን የምናገኛቸው ደግሞ 23፤ በ3 ሲባዙ 69። በጠቅላላ 89። 90 ለመሙላት 1 ይቀራል፤ ያቺው የመጨረሻዋ ቁጥር! አንድ አሃዝ ብሳሳት ሒሳቡ እንቢ ይላል። ስለዚህ የማረጋገጫውን ሒሳብ ኤክሴል ላይ ሠራሁና የተሳሳተው መስመር ቀይ እንዲሆን አደረግኩ።

ሁሉንም ግን አይዝም። እዚሁ ቁጥር ውስጥ 38ን አገላብጣችሁ 83 ብትጽፉ ድምሩ 79 ይሆናል። 80 ለመሙላት አሁንም 1 ነው የሚቀረው፤ ስህተቱ ሾልኮ ያልፋል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁጥሮች ልዩነታቸው 5 ሲሆን እንዲህ ይሆናል። 1 እና 6፣ 2 እና 7 ጎን ለጎን ሲመጡ ቀስ ብላችሁ እዩ።

ዋጋ ግን እዚህ ውስጥ የለም። ስካነሩ ቁጥሩን ያነባል፣ ዋጋውን የሚያወጣው የሱቁ ኮምፒውተር ነው። ለዚህ ነው ዋጋ ሲጨምር ባርኮዱ የማይለወጠው። ሱቁ ራሱ መዝኖ የሚለጥፍባቸው እንደ ሥጋና አይብ ያሉት ይለያሉ። የእነሱ ቁጥር ብዙ ጊዜ በ2 ይጀምራል፤ ውስጡም ክብደት ወይም ዋጋ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ሱቅ ውጭ ግን ትርጉም የለውም። የአንድ ሊትርና የግማሽ ሊትር ዘይትም ቁጥራቸው የተለያየ ነው፤ በአንድ መዝገብ አትደርቧቸው።

የአሜሪካ ዕቃ ላይ 12 ቁጥር ብቻ ብታዩ አትደናገጡ። ባርኮድ እ.ኤ.አ. በ1974 ኦሃዮ ውስጥ ማስቲካ ሲሸጥበት የጀመረው በ12 ነው። ፊቱ ላይ 0 ጨምሩበት፣ 13 ይሞላል። ኤክሴል ግን ያቺን 0 ይውጣታል። መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ዓምዱን ቴክስት አድርጉት።