ጭጋግ ውስጥ የሚያወሩት እረኞች

መንዝ ጓሳ በአስጎብኚነት ስሠራ ብዙ ዓይነት እንግዳ ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ የሬዲዮ ድምፅ ባለሙያ አብሽቆ ያሳቀኝ ግን የለም። ከባልደረቦቹ ጋር የመጣው የጭላዳ ዝንጀሮ ድምፅ ሊቀርፅ ነበር። ገና ጎህ ሳይቀድ ከመሐል ሜዳ ተነሥተን ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጭጋጉ ምንም አያሳይም። ከ3,200 ሜትር በላይ ነንና ብርዱ አይነገርም። ሰውየው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ማይክሮፎኑን ወደ ገደሉ አዙሮ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ፊቱ ተኮሳተረ።

«ወንድሜ፣ እነዚያን እረኞች ዝም አሰኝልኝ፤ ወሬያቸው ሥራዬን አበላሸው።»

«እነሱ እኮ...» ከማለቴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አፌን አስያዘኝ። የቀረፀውን ያጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ይማረራል፣ ያጠፋል።

ጭጋጉ ሲገለጥ አንድ ጎፈሬያም ወንድ ጭላዳ ቅርባችን ከሴቶቹ መሐል ተቀምጧል። ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ እያማታ ከጉሮሮው ድምፅ ያወጣል። ሰውየው ማዳመጫውን አውልቆ እኔን አየኝ፤ ጭላዳውን አየ፤ መቅረጫውን አየ።

ሌሎች የዝንጀሮ ዘሮችም ለወዳጅነት ከንፈራቸውን ያማታሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያለ ድምፅ ነው። ወንዱ ጭላዳ ድምፅ ይጨምርበታል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ቶር በርግማን በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንደሚለው ምቱ በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ነው፤ የሰው ንግግር ምትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ባለሙያው ጆሮ የለውም አልልም፤ የተታለለው ጆሮው ስለሠራ ነው። የሚያስወቅሰው ያገሩን ሰው አለመጠየቁ ነው።

የከፋው ነገር ሰዓቱ ማለፉ ነበር። ጭላዳ ገደል ውስጥ አድሮ ጠዋት ይወጣል፤ ፀሐይ እየሞቀ፣ ጠጉር እየተፈላለገ የሚጫወተው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በሜዳው ተበትኖ፣ አቀርቅሮ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ አልፎ አልፎ አጭር ማጉረምረም ቢሰማ ነው። ማታ ደብረ ብርሃን ሊገባ የቸኮለው አለቃቸው ይህን ሲሰማ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። አደሩ።

በማግስቱ ጠዋት ባለሙያው ከመቅረፁ በፊት እኔን ማየት ጀመረ። በቀኝ በኩል ድምፅ ሲመጣ በአገጩ ይጠይቀኛል፤ ጭላዳ ነው ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሲቀጥል ከኋላችን ሌላ ድምፅ መጣ።

«ይህኛውስ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እሱ እረኛ ነው፤ በጎቹን እየተሳደበ ነው። እሱን ማጥፋት ትችላለህ።»