በአንድ ገጽ ላይ የተለጠፉ ሁለት ቅርንጫፎች

በአንድ የዕፅዋት ደረቅ ናሙና ማኅደር ውስጥ የመረጃ ሠራተኛ በነበርኩበት ጊዜ፣ ኬልቲስ እና ትሬማ የተባሉትን የዛፍ ጂነሶች (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስቦች) ኤልም ከተባለው ዛፍ ቤተሰብ ቁም ሣጥን አውጥተን ወደ ካናቢስ ቤተሰብ፣ ማለትም ወደ ካናባሴ፣ እንድናዛውር ታዘዝን። ካናቢስ በየዓመቱ የሚዘራ፣ የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው የቢራ ቅመም ሆፕም ሐረግ ሆኖ ሳለ ዛፎች ከእነርሱ ጋር መመደባቸው ለማያውቅ ሰው እንግዳ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዲኤንኤ ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች ኬልቲስና ትሬማ ከኤልም ይልቅ ለካናቢስ እንደሚቀርቡ ስላሳዩ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአበባ ዕፅዋት አመዳደብ በአንድ ቤተሰብ ሥር አስገብቷቸዋል። ናሙናዎቹን በእጅ ለማዛወር ሁለት ቀን በቃን፤ ጣጣው የመጣው ከዳታቤዙ ነው።

መጀመሪያ የቤተሰብ ስም በሰፈረበት ዓምድ ላይ «ኡልማሴ» (የኤልም ቤተሰብ) የሚለውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ «ካናባሴ» አደረግሁት። እውነተኞቹ ኤልሞችም አብረው ሄዱ። ይህን በዚያው ቀን አይተን ስለመለስነው ከሣቅ ያለፈ ጉዳት አላደረሰም።

ሁለተኛው ስሕተት ግን ወራት ቆየ። ቤተሰቡን ካስተካከልኩ ዘንዳ የዝርያ ስሞቹንም ላዘምን ብዬ፣ ማንም ሳያዝዘኝ፣ ትሬማ ጊኔንሲስ ተብሎ የተመዘገበውን ሁሉ ትሬማ ኦሪየንታሊስ፣ ኬልቲስ ክራውሲያና የተባለውን ደግሞ ኬልቲስ አፍሪካና አልኩት። ስሞቹን በመተካቴ ከዕፅዋት ሳይንስ አንጻር አልተሳሳትኩም፤ የቀደሙት ስሞች ዛሬ ተለዋጭ ስሞች ሆነው ነው የሚታዩት። ሊኔየስም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1753 የዛሬውን ትሬማ ኦሪየንታሊስ የመዘገበው ከኬልቲስ ጋር አድርጎ ነበር፤ ስም መቀያየር ለእነዚህ ዛፎች አዲስ ነገር አይደለም። ያጠፋሁት አዲሱን ስም በአሮጌው ላይ በመጻፌ ነው። ዳታቤዛችን ለስም አንድ ዓምድ ብቻ ስለነበረው፣ ሰብሳቢው በሌብሉ፣ ማለትም ከናሙናው ጋር በሚለጠፈው መግለጫ ወረቀት፣ ላይ የጻፈውም፣ ከዓመታት በኋላ ናሙናውን መርምሮ ስም የሰጠው ባለሙያ ያለውም፣ ዛሬ እኛ የምንቀበለውም በአንድ ቦታ ይሰፍሩ ነበርና የኋለኛው የፊተኞቹን ደመሰሰ።

የታወቀው ከሌላ ማኅደር በመጣ ደብዳቤ ነው። ሰብሳቢዎች ከአንድ ዛፍ ብዙ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ለሁሉም አንድ የመሰብሰቢያ ቁጥር ሰጥተው ለተለያዩ ማኅደሮች ያከፋፍላሉ። ኬልቲስን የሚያጠኑ አንዲት ተመራማሪ የአንዱን ቁጥር መንታ በእጃቸው ይዘው፣ «በእኛ ዘንድ ያለው ኬልቲስ አፍሪካና ነው፤ በእናንተ መዝገብ ግን ትሬማ ሆኖ አገኘሁት። የተሳሳትነው እኛ ነን ወይስ እናንተ?» ሲሉ ጻፉ።

ናሙናውን አውጥቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው በገጹ ላይ የተለጠፉት ሁለት ቅርንጫፎች ነበሩ። የሁለቱም ቅጠሎች ሦስት ዋና ጅማቶች ከሥራቸው ይነሣሉና ለቸኮለ ዓይን አንድ ይመስላሉ። የግራው ግን ጠርዙ እስከ ሥሩ ድረስ ጥቃቅን ጥርስ አለው፤ ፍሬዎቹም አጭር አገዳ ይዘው በቅጠሉ ብብት ተኮልኩለዋል። የቀኙ ቅጠል ጥርሱ ወደ ጫፉ ብቻ ነው፤ ሥሩ አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ብሎ የተዛባ ሲሆን፣ ፍሬው በቀጭንና ረጅም አገዳ ላይ ለብቻው ይንጠለጠላል። ከሌብሉ በላይ ደግሞ አንድ የቀድሞ ባለሙያ በእርሳስ «ግራ፦ ትሬማ ጊኔንሲስ፤ ቀኝ፦ ኬልቲስ ክራውሲያና» ብሎ የጻፈባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛም ቃል በቃል መዝግቦት ነበር። የእኔ ትእዛዝ ትሬማ ጊኔንሲስ የሚል ያለበትን ሁሉ ከነቀሪው ሲተካ የቀኙን ቅርንጫፍ ከመዝገብ አወጣው።

የዳታቤዙ መጠባበቂያ ቅጂ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለነበር የድሮውን ስም ከዚያ ማግኘት አልተቻለም። ደግነቱ ገጾቹ ቀደም ብለው ፎቶ ተነሥተው ነበር። ከሦስት መቶ በላይ ሌብሎችን ከፎቶ ላይ አንድ በአንድ እያነበብኩ እንደ ገና ጻፍኩ፤ አንዳንዱ የእጅ ጽሑፍ ከሐኪም ማዘዣ ይብሳል። በዚህ ጊዜ ግን አለቃዬ ለሌብሉ ቃል፣ ለእያንዳንዱ ስም ሰጪና ለሰጠበት ዓመት፣ እንዲሁም ዛሬ ለምንቀበለው ስም የተለያየ ቦታ አስከፈቱልኝ። በገጹም ላይ ማንም አሮጌውን ወረቀት አንሥቶ አዲስ እንደማይለጥፍ፣ ከጎኑ ብቻ እንደሚጨምር ሲነግሩኝ፣ ይህን ሕግ ለወረቀቱ ጠብቄ ለኮምፒውተሩ እንዴት እንደረሳሁት አልጠየቁኝም፤ ባይጠይቁኝም አፍሬያለሁ።

ቅርንጫፎቹን ከገጹ አላላቀቅናቸውም። በግራው ሥር «ሀ»፣ በቀኙ ሥር «ለ» ብለን ጻፍንና በአንድ ባርኮድ ሁለት መዝገብ ከፈትን። ለተመራማሪዋም እርሳቸው እንዳልተሳሳቱ፣ የእኛ ገጽ ድብልቅ እንደሆነና የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ጻፍኩላቸው።

የቀረችው በገጹ ጥግ የተለጠፈችው የወረቀት ኪስ ናት፤ ከሁለቱም የረገፉት ፍሬዎች በውስጧ ተደባልቀው ነበር። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በወረንጦ እያነሣሁ፣ አነስ ያሉትንና የአበባው ቅሪት ከሥራቸው ያልወደቀውን ወደ «ሀ»፣ ተለቅ ያሉትንና ረጅም አገዳ የያዙትን ወደ «ለ» ኪስ ስለያቸው ዋልኩ። አምስት ፍሬዎች ተሰባብረው ወደየትኛውም አልሄድ አሉኝ። አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩዋቸውና ሦስተኛ ኪስ አጥፈው «ያልተለየ» ብለው ጻፉበት።