«ችግር የለውም» ያልኩት ጄል

ደብረ ማርቆስ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ትዕዛዝ ተቀባይ ነበርኩ። አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ሐጂ ለቤተሰባቸው ትልቅ ኬክ ሊያዙ መጡ። ቀብድ ከፈሉ። ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉና «ልጄ፣ ኬኩ እንዲነፋ ሊጡ ውስጥ የምትጨምሩት ጄል ከምንድን ነው የሚሠራው?» አሉኝ።

«ችግር የለውም ሐጂ፣ ሥጋ ነክ ነገር የለበትም» አልኳቸው። የማውቀው ነገር አልነበረም። ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ ስለነበር ቶሎ እንዲሄዱልኝ ብዬ ነው። አምነውኝ ሄዱ።

ማታ አላስቻለኝም። መጋዘን ገብቼ የጄሉን ባልዲ አገላብጬ አየሁት። «ኢ 471» ይላል፤ ከምን እንደተሠራ ግን አይናገርም። ይህ ነገር ውኃና ዘይትን የሚያዋህድ ነው፤ ከቅባትና ከግሊሰሪን ይሠራል። ቅባቱ የፓልም ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ሊሆን ይችላል። የከብት ሞራ ወይም የአሳማ ስብም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ያው ነው። ከዘይት ከሆነ ሐላል ነው። ከከብት ከሆነ አስተራረዱ ይጠየቃል። ከአሳማ ሲሆን ደግሞ አሳማ በቁርአን የተከለከለ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ባሕርዩ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም በሚለው ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ። ምንጩ ያልታወቀውን ጥንቁቅ ሙስሊም ይተወዋል። ሐላሉም ሐራሙም ግልጽ ነው፣ በመካከላቸው ያለውን አጠራጣሪ ነገር የራቀ ሃይማኖቱን ጠበቀ የሚል ሐዲስ አለ። ሐጂ የጠየቁኝ ለዚህ ነበር።

ባልዲውን እንደያዝኩ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ «የጾም ኬክ» እያልን የሸጥነው በዚሁ ጄል ነው። እናቴም በልታለች። እንቁላልና ወተት እንዳይገባ ስንጠነቀቅ ባልዲውን ያየ አልነበረም።

ጠዋት አቅራቢው ጋ ደወልኩ። «ሁሉም የሚጠቀመው ነው» አለኝ። ከምን እንደተሠራ የሚገልጸውን ወረቀት ላክልኝ ብለው ሊልክልኝ አልቻለም። ከዚያ ሐጂ ጋ ደወልኩ።

«ሐጂ፣ የዚያን ቀን የነገርኩዎትን ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከፈለጉ ቀብድዎን እመልሳለሁ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ያለ እሱ መሥራት አይቻልም?»

ይቻላል። ጋጋሪያችን ድሮ እንደዚያ ነበር የምትሠራው። ጄል ሲኖር ሁሉንም ባንዴ ጨምሮ ጥቂት ደቂቃ መምታት ይበቃል። ከሌለ እንቁላሉና ስኳሩ ነጥቶ እስኪነፋ ድረስ ለብቻው ይመታል፤ ዱቄቱ በእጅ ቀስ እያለ ይገባል፤ ምድጃ ለመግባት ከዘገየ ይወርዳል። የመጀመሪያው ወረደብን። ሁለተኛው አምሮ ወጣ። ቫኒላውም በአልኮል የተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል ትተነው የሎሚ ልጣጭ ፈቀፈቅንበት።

ሐጂ ኬኩን ሊወስዱ መጥተው ክዳኑን ገለጥ አድርገው አዩ። «ክሬሙስ ከምንድን ነው?» አሉኝ።

«ትንሽ ይቆዩኝ ሐጂ፣ ካርቶኑን ላምጣውና አብረን እንየው» አልኳቸው።